የኬሚስትሪ ዲፓርትመንትን ከጓዳ ሆኖ ማንቀሳቀስ፦ ለአዲስ የላብራቶሪ አስተባባሪ

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። አርባ ተማሪዎች ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። መምህሩ ማንዋሉን ይዞ ገብቷል። ቴክኒሻኗ ግን እየሮጠች ወደ እናንተ ትመጣለች። «ሲልቨር ናይትሬት የለም» ትላለች። በዚያ ሰዓት የሚደረግ ነገር የለም። መምህሩ ሙከራውን ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያስረዳል። ተማሪው ያላየውን ነጭ ዝቃጭ እንዳየ አድርጎ ሪፖርት ይጽፋል። ይህ ሲሆን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ልጁ ከክፍለ ሀገር ድረስ የመጣው ሊነካው ነበር።

ይህን ሥራ ለዓመታት የሠራሁት በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ውስጥ ነው። መጠሪያው እንደየቦታው ይለያያል። አንዱ ጋ የላብራቶሪ አስተባባሪ፣ ሌላው ጋ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ይባላል። ሥራው ግን አንድ ነው። ኬሚካሉ፣ ዕቃው፣ ውሃው፣ መብራቱና ሰዉ በአንድ ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚሠራ አንድ ዘዴ ብቻ አውቃለሁ፤ ከላብ ቀኑ ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠር።

1. መጀመሪያ ምንም አትግዙ፤ ዙሩ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ የምትዞሩባቸው ናቸው። እያንዳንዱን ክፍል፣ ቁምሳጥንና ቁልፍ እዩ። የትኛው ቁልፍ የት እንደሚከፍት፣ ማን ጋ እንዳለ ጻፉ። የውሃውና የመብራቱ ዋና መዝጊያ የት እንዳለ ቀን በብርሃን እወቁት። በጭስ መካከል የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ስቶር ስትገቡ ኬሚካሎቹ በምን ተራ እንደተደረደሩ ተመልከቱ። ብዙ ቦታ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የሚቀመጡት። ለመፈለግ ይመቻል፤ ግን አደገኛ ነው። አሴቶንና አሞኒየም ናይትሬት ሁለቱም በኤ ስለሚጀምሩ ጎን ለጎን ይውላሉ። አንዱ ቶሎ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። ሌላው እሳት የሚያባብስ ኦክሲዳይዘር ነው። ናይትሪክ አሲድና አሴቲክ አሲድም «ሁለቱም አሲድ ናቸው» ተብለው አንድ ቁምሳጥን ይገባሉ። አሴቲክ አሲድ ግን የሚቃጠል ነገር ነው፤ ናይትሪክ ደግሞ የሚያቃጥለው። አንድ ጠርሙስ ቢሰበር ምን እንደሚከተል አስቡት።

ስለዚህ በባሕርያቸው ለዩአቸው። የሚቀጣጠሉ ፈሳሾች ለብቻ፣ ኦክሲዳይዘሮች ለብቻ፣ አሲዶች ለብቻ፣ ቤዞች ለብቻ፣ ውሃ ሊነካቸው የማይገባ ለብቻ። የፊደል ተራው በየቡድኑ ውስጥ ይቀጥል። ቆዳና ዓይን የሚያቃጥሉ ፈሳሾች ከዓይን ከፍታ በላይ አይቀመጡ። ከታች ሆነው ከሥራቸው ጎድጓዳ ትሪ ይኑር።

አንድ ቀን ስንዞር ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ አንድ ቡናማ ጠርሙስ አየሁ። ጽሑፉ ደብዝዟል። ክዳኑ ዙሪያ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ጋግሯል። ጠጋ ብዬ ሳነበው ዳይኢታይል ኢተር ነው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የስቶሩ ኃላፊ ሊያወርዱልኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይነኩት» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?»

ኢተር አየር እያገኘው ሲቆይ ፔሮክሳይድ የሚባል የሚፈነዳ ነገር ይሠራል። ክሪስታል ከታየበት ክዳኑን ማዞር ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። ቀስ ብለን ወጣን። በሩን ቆለፍን፣ ማስጠንቀቂያ ለጠፍን፣ ለዲኑና ለጥበቃ ክፍሉ በጽሑፍ አሳወቅን። የሚያውቅ ባለሙያ መጥቶ እስኪያነሳው ማንም አልገባም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ቀን ያልተጻፈበት ኢተር ከእጃቸው አያልፍም። ቴትራሃይድሮፉራን የሚባለው ፈሳሽም እንደዚሁ ነው። ፒክሪክ አሲድ ደርቆ ካገኛችሁትም አትንኩት። ውሃ ተጨምሮበት የሚቀመጠው ሲደርቅ ፈንጂ ስለሚሆን ነው።

2. ዝርዝሩን በአንድ ኤክሴል አድርጉት

የኬሚካሉ ስም፣ ካስ ቁጥር (ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተሰጠ ዓለም አቀፍ መለያ)፣ የንጽሕና ደረጃ፣ የቀረው መጠን፣ ያለበት መደርደሪያ፣ የገባበት ቀን፣ የተከፈተበት ቀን፣ የሚያልፍበት ቀን። ከዚህ በላይ ዓምድ ከጨመራችሁ የሚሞላው ሰው አታገኙም።

ካስ ቁጥሩን አትዝለሉት። አንድ ኬሚካል ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል። አንዱ ካርቶን ላይ ኮስቲክ ሶዳ፣ ሌላው ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተብሎ ይመጣል። ቁጥሩ ግን ሁሌም 1310-73-2 ነው። እኛ ስንቆጥር በሁለት ስም የተመዘገበ አንድ ኬሚካል አግኝተናል። በአንዱ ስም «አልቋል» ተብሎ ግዥ ተጠይቆበታል፤ በሌላው ስም መደርደሪያ ሙሉ ነበር።

ቀኑን ደግሞ ኤክሴሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በማይለቅ ማርከር ጠርሙሱ ላይ ጻፉት። የገባበትንም የተከፈተበትንም። ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ይችላል፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ግን እዚያው አለ።

3. ከላብ ቀኑ ወደ ኋላ ቁጠሩ

የሥራው ልብ ይሄ ነው። ሴሚስተሩ ሳይጀመር የየኮርሱን መምህር አግኙ። በየትኛው ሳምንት የትኛውን ሙከራ እንደሚሠራ፣ ስንት ሴክሽን እንዳለው፣ በቡድን ስንት ተማሪ እንደሚመድብ ጠይቁ። ከዚያ ካልኩሌተር አንሱ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። 6 ሴክሽን አለ፤ በየሴክሽኑ 40 ተማሪ። በአራት በአራት ሲቦደኑ 60 ቡድን ይሆናሉ። ለአሲድና ቤዝ ታይትሬሽን (አንዱን በሌላው ጠብታ በጠብታ መለካት) አንድ ቡድን የቢዩሬቱን፣ ማለትም የመለኪያ ቱቦውን ማጠቢያ ጨምሮ 150 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጅ። በጠቅላላው 9 ሊትር ነው። ይህ 0.9 ሞል፣ ማለትም 36 ግራም ነው። ለብክነት 20 በመቶ ስንጨምር 43 ግራም ገደማ ይሆናል። ግማሽ ኪሎ ጠርሙስ ለዚህ ሙከራ ለዓመታት ይበቃል።

አሁን ሲልቨር ናይትሬቱን እንይ። ለክሎራይድ ታይትሬሽን እያንዳንዱ ቡድን 100 ሚሊ ሊትር 0.05 ሞላር ቢጠቀም 6 ሊትር ነው። 0.3 ሞል፣ ማለትም 51 ግራም ይሆናል። ከብክነቱ ጋር 61 ግራም። ባለ 25 ግራሙ ጠርሙስ ሦስት ያስፈልጋል፤ እሱም ውድ ነው። ይህን ስሌት ማንም ቀድሞ ስላልሠራው ነው ስቶሩ ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በኪሎ ተከምሮ ሲልቨር ናይትሬት ሰኞ ጠዋት የሚጠፋው። በግምት ሲጠየቅ ርካሹ ይበዛል፣ ውዱ ይረሳል።

እግረ መንገዳችሁን መምህሩን አንድ ነገር ጠይቁት። «ይህ ሙከራ ባነሰ መጠን አይሠራም ወይ?» ብዙ ጊዜ ይሠራል። በ25 ሚሊ ሊትር ፋንታ 10 ሚሊ ሊትር ናሙና ቢወሰድ ተማሪው የሚማረው አይጎድልም። ኬሚካሉ ይተርፋል፣ የሚደፋውም ያንሳል።

4. ግዥው

የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ኅዳር ላይ ለሚሠራ ላብ ኬሚካሉ መስከረም ላይ መደርደሪያው ላይ መገኘት አለበት። በእኔ ልምድ ከጥያቄ እስከ ስቶር ከስድስት ወር በታች የመጣ ከውጭ የሚገባ ኬሚካል ጥቂት ነው። እንግዲህ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ጥር ወይም የካቲት ላይ ትወድቃላችሁ። በዚያ ሰዓት የሚቀጥለው ዓመት ፍላጎት ተሰልቶ፣ ተፈርሞ፣ ዲኑ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለበት። ሰኔ ላይ «በጀቱ ሊመለስ ነው፣ ቶሎ የሆነ ነገር ጠይቁ» ሲባል ዝርዝራችሁ ዝግጁ ከሆነ ያ ብር ሲልቨር ናይትሬት ይሆናል። ዝግጁ ካልሆነ ወንበር ይገዛበታል።

ዋጋውን ካለፈው ዓመት ወረቀት አትገልብጡ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ የድሮ ዋጋ ይዞ ማቀድ ግማሽ ዝርዝር ማስቀረት ነው። አዲስ ፕሮፎርማ (የአቅራቢ የዋጋ ማቅረቢያ) አሰባስቡ፤ ከዚያ ዝርዝሩን በሦስት መድቡት። ያለ እሱ ላብ የማይከፈት፣ ቢጠፋ በሌላ የሚተካ፣ ቢኖር ጥሩ የሆነ። ብር ሲያጥር ከታች የሚቆርጠው ግዥ ክፍሉ ሳይሆን እናንተ ሁኑ።

አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው ስፔሲፊኬሽን ላይ ነው። «ኮፐር ሰልፌት» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ማን ምን እንደሚያመጣ አታውቁም። ውሃ ያለው ሰማያዊው ፔንታሃይድሬት ነው ወይስ ውሃ የሌለው ነጩ? ክብደታቸው ስለሚለያይ ሞላሪቲው ይዛባል። ደረጃውን፣ የጠርሙሱን መጠን፣ ካስ ቁጥሩን ጻፉ። ሲረከብ የአገልግሎት ዘመኑ ቢያንስ ስንት ወር መቅረት እንዳለበትም ጨምሩ። ይህችን አንድ መስመር ባለመጻፋችን ሊያልፍበት ሁለት ወር የቀረው ኢንዲኬተር (ቀለም በመቀየር ውጤት የሚያሳይ ኬሚካል) ተረክበናል። አቅራቢው ምንም ሕግ አልጣሰም፤ አልጠየቅነውም ነበርና።

ለመሣሪያ ደግሞ እነዚህን አትርሱ፦ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ ተከላና ሥልጠና፣ የሁለት ዓመት መለዋወጫ፣ ማንዋል፣ ዋስትና። በእርዳታ ለሚመጣም ያው ነው። «ነፃ ነው» ተብሎ የመጣ አንድ ሴንትሪፊውጅ ሶኬት ላይ እንደሰካነው ሲጨስ ቆሜ አይቻለሁ። 110 ቮልት ነበር። ጀርባው ላይ በትንሽ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር፤ ማናችንም አላነበብነውም። እርዳታ ከመቀበላችሁ በፊት ቮልቱን፣ አላቂ ዕቃው አገር ውስጥ መገኘቱን፣ ሶፍትዌሩ የይለፍ ቁልፍ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ ካላስደሰታችሁ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። የማይሠራ መሣሪያ ቦታ ይይዛል፤ ከመዝገብ ማስወጣቱም ከመቀበሉ ይከብዳል።

ዕቃው ሲደርስ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኙ) ከመቆረጡ በፊት ካርቶኑ ይከፈት። የርክክብ ኮሚቴው ውስጥ የሚያውቀው ሰው ይኑርበት። ጠርሙስ በጠርሙስ ከስፔሲፊኬሽኑ ጋር ይመሳከር፤ መሣሪያው ተሰክቶ ይሠራ። ፊርማው ካረፈ በኋላ አቅራቢን መከታተል ከባድ ነው። ከዚያ በሞዴል 20 ይጠየቃል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። ቴክኒሻኖቻችሁ የወሰዱትን ሁሉ ኮፒ ይያዙ። ክሊራንስ ሲመጣ ከጡረታ ደመወዙ ሊቆረጥበት የደረሰ ደግ ሰው አውቃለሁ። ዕቃውን ለሌላ ላብ በቃል ነበር ያዋሰው።

5. መብራት፣ ውሃ፣ ከፍታ

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ መሣሪያዎቹን ከሶኬት መንቀል ነው። የሚጎዳቸው ብዙውን ጊዜ መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ ያለ ቮልት ነው። ሲመጣ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁና አንድ በአንድ ስኩ። ስፔክትሮፎቶሜትር (የብርሃን መለኪያው) እና ሚዛን በዩፒኤስ፣ ማለትም በባትሪ መጠባበቂያ ይሥሩ። ኦቨንና ማሞቂያ ግን ዩፒኤስ ላይ አይሰካም፤ ዩፒኤሱን ይገድለዋል።

ዲስቲልድ ውሃ የሚያወጣው ማሽን ጠባቂ ይፈልጋል። አንድ ሊትር ለማውጣት ብዙ እጥፍ ማቀዝቀዣ ውሃ ያፈሳል። መስመሩ ላይ ውሃ ሲቋረጥ ማሞቂያው እንደበራ ከቀረ ይቃጠላል። ራሱን የሚያጠፋ ቴርሞስታት ከሌለው ሰው ከአጠገቡ አይለይ። የሚወጣውን ማቀዝቀዣ ውሃ በሮቶ አጠራቅሙት፤ ብርጭቆ ለማጠብ ንጹሕ ነው።

ከፍታውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለውን ማሽን) ከባዮሎጂ ጋር የምትጋሩ ከሆነ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ማንዋሉ «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው» ይላል። ያ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። የውጭው አየር እዚህ ስስ ስለሆነ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ ገና 121 አልደረሰም። አዲስ አበባ ላይ ወደ 19 መጠጋት አለበት። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል ሌላ ቁጥር ይኖራታል። ስለዚህ ማሽኑ የሚፈቅደውን የግፊት ጣሪያ ሳታልፉ ቴርሞሜትሩን እመኑ። ጀነሬተርም ከፍታ ላይ ከተጻፈበት ያነሰ ኃይል ነው የሚሰጠው፤ ስትጠይቁ ትርፍ ጨምራችሁ ጠይቁ።

ለእያንዳንዱ መሣሪያ በክር የታሰረ ደብተር ይኑር። ማን፣ መቼ፣ ለምን ተጠቀመ፣ ምን ተሰማው። «ዛሬ ድምፅ አለው» የምትል አንዲት መስመር ሞተር ታድናለች። ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

6. ደኅንነት ከጽዳት ሠራተኞች ይጀምር

ይህን ርዕስ ብዙዎች ከተማሪው ይጀምሩታል። እኔ ከጽዳት ሠራተኞቹ እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ። ተማሪው ማንዋል አለው፤ የተጻፈውን ያነባል፤ መምህር አጠገቡ ነው። ጽዳት የሚሠሩት እናቶች ግን ሁሉ ሰው ከሄደ በኋላ ብቻቸውን ይገባሉ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በማያነቡት ቋንቋ ነው።

አንድ ማምሻ እትዬ የምንላቸው ሠራተኛ እያሳሉ ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። የሲንኩ እድፍ አልለቅ ብሏቸው ነበር። በረኪና አፈሰሱበት። አሁንም አልለቀቀም። አጠገቡ የነበረውን ጠርሙስ ደገሙበት፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ተረፉ። አየር ላይ አስቀምጠናቸው ሐኪም ጋ ወሰድናቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ማንም አልነገረኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማንም አልነገራቸውም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

በሳምንቱ አንድ ሰዓት ሙሉ በአማርኛ ተቀምጠን ተነጋገርን። በረኪና ከአሲድ ጋር አይገናኝም፤ ከአሞኒያም ጋር አይገናኝም። ጠረጴዛ ላይ የቀረ ጠርሙስ አይነካም፤ ስልክ ይደወላል። የፈሰሰ ነገር በጨርቅ አይታበስም። ዘጠኙን ዓለም አቀፍ የአደጋ ምልክቶች በትልቁ አትመን ትርጉማቸውን ከሥር በአማርኛ ጻፍን። ራስ ቅሉን ሁሉም አወቁት። ክብ ላይ የሚነደውን ነበልባል፣ የኦክሲዳይዘሩን ማለት ነው፣ ያወቀ አልነበረም። ጓንትና ጫማም ከተማሪው በፊት ለእነሱ አስገዙ።

የቀረው አጭር ነው። ዓይን ማጠቢያውን በየሳምንቱ ክፈቱና ውሃው እስኪጠራ አፍስሱት። አሲድ የነካው ዓይን ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ከሌለና ሮቶውም ባዶ ከሆነ የአሲድ ላብ አይከፈትም። መምህሩ ቢቆጣም አይከፈትም። ሁሌም አሲዱ ነው ወደ ውሃው የሚጨመረው። የጋዝ ሲሊንደር በሰንሰለት ከግድግዳ ይታሰር፤ ሲንቀሳቀስ ክዳኑ ይደረግለት። ለሚደፋው ነገር አራት ጀሪካን አዘጋጁ፦ ክሎሪን ያለበት ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ)፣ ክሎሪን የሌለበት፣ ከባድ ብረት ያለበት፣ ብር (ሲልቨር) ያለበት። የመጨረሻውን አትጣሉት። ከሲልቨር ክሎራይዱ ብሩን መልሶ ማውጣት ራሱን የቻለ ጥሩ የተማሪ ፕሮጀክት ነው።

7. ሰዉ

አርብ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ከቴክኒሻኖቹ ጋር ተቀመጡ። የሚቀጥለው ሳምንት ላቦች ይነበቡ፤ የጎደለው ይነገር። እያንዳንዱን ሙከራ ቴክኒሻኑ ቀድሞ አንድ ጊዜ ይሥራው። ማንዋሉ ላይ የማይሠራ ነገር የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ሲገኝ ደግሞ ያገኘውን ሰው በስሙ ጠርታችሁ መምህሩ ባለበት አመስግኑት። ቴክኒሻን የሚታወሰው ነገር ሲበላሽ ብቻ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል።

8. ሰኔ ሲመጣ

ላቦች ሲዘጉ እንደገና ቁጠሩ። የሚያልፍበትን ለዩ፤ ቁልፎቹን ተረከቡ፤ የተሰበረውን በቃለ ጉባኤ አስይዙ። ከዚያ ጣሪያውን ተመልከቱ። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ግቢው ባዶ ይሆናል። የሚያፈስ ቆርቆሮ ካለ መስከረም ድረስ የሚያየው የለም። ሶዲየም ብረቱ ዘይቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መስጠሙን፣ ክዳኑ መጥበቁን አረጋግጡ። ከጣሪያው ክፍተት ሥር ካለ ዛሬውኑ አንሱት። ውሃ ሲነካው ይነዳል። ለጥበቃዎቹም ስልካችሁን ስጡ፤ በየትኛው ክፍል እሳት ቢነሳ ውሃ እንደማይረጭም በሩ ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ።